ሰማያዊው ቋጠሮ

የቶሮንቶ ከተማ ስትሪትካር በጄራርድ መንገድ ሐዲድ ላይ እየተንገጫገጨ ወደ ምዕራብ ሲሄድ፣ አሰፋሽ ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችውን የጨርቅ ቦርሳ በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ቦርሳው ውስጥ አንድ አሮጌ የአልጋ አንሶላ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ምሳዋን እንኳ ፍሪጅ ውስጥ ረስታው ነው የወጣችው።

እንቅልፍ ካጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዓይኗን በከደነች ቁጥር የሚመጣባት አንድ ነገር ነበር፦ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሮዝዴል ሰፈር ባለው የንግሥቲቱ ቤት፣ እጇን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አድርጋ የምትናገረው ቃል።

የቱዶር ቤት ዘውድ ከጫነ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል። ነገሥታቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲቀባበሉት ኖረው ዘውዱ ዛሬ ንጉሥ ኤድመንድ ላይ ደርሷል፤ ካናዳም የምትተዳደረው በእሳቸው ስም ነው። ከቤቱ የጥንት ሕጎች ብዙዎቹ እንደ ጋሻና ጦር ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ቀርተዋል። አንዱ ግን ዛሬም ይሠራል። ንጉሥ ልጅ ካልወለደችለት ንግሥት ተለይቶ ሌላ ማግባት ሲሻ፣ ከሐኪምም ከጳጳስም አስቀድሞ የሚጠየቀው የንግሥቲቱን ልብስ የሚያጥበው ሰው ነው። ሐኪም ይሳሳታል፣ ጳጳስ ይፈራል፣ አንሶላ ግን አይዋሽም ብለው ነው የቀድሞዎቹ ያወጡት። ሹመቱ ስም አለው፤ "የልብስ ምስክር" ይባላል።

ምስክሯ "ምንም ምልክት አላየሁም" ብላ ከማለች፣ ጋብቻው ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ንግሥቲቱ ስማቸው ከጸሎት መጽሐፍ ተፍቆ እንደ እንግዳ ይሸኛሉ። "አንድ ጊዜም ቢሆን ፀንሰዋል" ካለች ግን ሚስትነታቸው ይጸናል። ንጉሡ ሌላ ለማግባት ፓርላማ ፊት ቀርበው መፍታት ግድ ይሆንባቸዋል፤ ንግሥቲቱም ማዕረጋቸውንና ቤታቸውን ይዘው ይቀራሉ። ንጉሡ ደግሞ ቸኩለዋል። አንዲት የጀርመን መስፍን ልጅ ታጭታላቸዋለች፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል።

የልብስ ምስክሯ አሰፋሽ ናት። ከሪጀንት ፓርክ ሰፈር እየተመላለሰች ሰባት ዓመት ሙሉ የንግሥት ዊኒፍሬድን ልብስ አጥባለች።

ስልኳ ጠራ። ልጇ ሔርሞን ነበረች።

"ማሚ፣ ላንችሽን ረስተሻል።"

"አውቃለሁ። ብዪው።"

"አይ ካንት፣ ሽንኩርቱ ይሸተኛል። ዛሬ ነው አይደል ያ ነገር?"

"ዛሬ ነው።"

"ጀስት የሚፈልጉትን በያቸው። ሰውየውም ማግባት ይፈልጋል፣ እሷም ትገላገላለች። ማን ይጎዳል?"

"መሐላ ነው፣ ልጄ።"

"እኔም የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ። ቤቱን ቢወስዱብንስ? ሁለታችንም፣ ቤቢውም የት ነው የምንሄደው?"

"አትጨነቂ። ትንሽ ተኚ። እግርሽን ትራስ ላይ አድርጊው።"

ስልኩን ዘግታ መስኮቱን አየች። ልጅቷ ያለችው እውነት ነው። የሚኖሩበትን አፓርታማ የያዘው ቤተ መንግሥቱ ነው፤ ከሥራ የተባረረ በሠላሳ ቀን ይለቃል። አሰፋሽን ያሳደጓት ሰዎች ግን ሌላም ነገር አስተምረዋታል። በሐሰት የማለ ሰው እሱ ራሱ ምንም አይሆንም፤ መሐላው የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው። ሔርሞን አምና አንድ ፅንስ ወርዶባታል። ይህኛው ሁለተኛዋ ነው።

እውነቱን ብትናገር ልጇ ቤት ታጣለች። ብትዋሽ ደግሞ መሐላው ወዴት እንደሚሄድ እግዜር ያውቃል።

ኮሌጅ ጣቢያ ላይ ወርዳ የምድር ውስጥ ባቡር ያዘች።

*

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። በዚያ ዓመት ንጉሡ ከሎንዶን መጥተው ሐምሌን ሙሉ ቶሮንቶ ከንግሥቲቱ ጋር አሳልፈው ተመለሱ። ነሐሴ ላይ የንግሥቲቱ ልብስ ደም ሳይታይበት ንጹሕ ሆኖ ወረደ። መስከረምም እንዲሁ። የቤቱ ጸሐፊ በየሰኞው በሚሞላው የልብስ መዝገብ ላይ "ዘግይቷል" ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ በፊትም ይዘገይባቸው ስለነበር ማንም ልብ አላለም።

በጥቅምት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አሰፋሽ ልብስ ልትሰበስብ ወጥታ አንድ አንሶላ ከመታጠቢያው ገንዳ ጀርባ ተጠቅልሎ ተወትፎ አገኘችው። ገልጣ አየችው። አሰፋሽ ራሷ ወልዳለች፤ የሰውም አዋልዳለች። ያየችው ደም የወር አበባ ሳይሆን የፅንስ መውረድ እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም።

ደንቡ ግልጽ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ልብሱ አይነካም፤ ክፍሉ ተቆልፎ ሐኪሙና ጸሐፊው ይጠራሉ፣ አይተው ይፈርማሉ። አሰፋሽም ሥራ ስትጀምር ይህን ልትጠብቅ ምላለች።

እሷ ግን አንሶላውን በጋቢዋ ሸፍና ወደ ምድር ቤት ይዛው ወረደች። ቀዝቃዛ ውኃ ለቀቀችበት፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ እጇ እስኪደነዝዝ አሸችው። ደም በሙቅ ውኃ ይጸናል እንጂ አይለቅም። ለምን እንዳደረገችው ቆማ አላሰበችም። የሰው ገመና ደጅ አይሰጣም፤ ለጎረቤቷም ቢሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ መጥቶ "የዚህ ወርስ?" ሲላት፣ "እንደ ወትሮው" አለችው። እሱም ጻፈ።

ስህተቷ ያ ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ደንቡን ጠብቃ ዛሬ በሰላም ትተኛ ነበር።

ንግሥቲቱ በማግሥቱ ቀና ብለው አላዩዋትም። አሰፋሽ ነገሩን ማወቋን ንግሥቲቱ ይወቁ አይወቁ፣ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

አንድ ነገር ግን አድርጋለች። ሥራውን ስትጀምር ማንበብ አትችልም ነበርና፣ ጸሐፊው የሚጽፈው ያለችውን ይሁን ያላለችውን ማወቂያ አልነበራትም። ስለዚህ የራሷን መዝገብ ያዘች። በአንድ አሮጌ ጨርቅ ጠርዝ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ወር በመርፌ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ደም ሲታይ ቀይ ክር፣ ሳይታይ ሲቀር ነጭ ክር። እናቷ የቀን ሠራተኛ ስትቆጥር እንዲህ ነበር የምታደርገው። የዚያን ጥቅምት ግን ቀይም ነጭም አልሆንልሽ አላት። ከክር ሳጥኗ ሰማያዊ አወጣች።

ዛሬ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው አንሶላ ግን ያን ጥቅምት ደብቃ ያጠበችው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ቀድሞ ትቋጥርበት ከነበረው ጨርቅ ላይ ሁሉንም ቋጠሮ አንድ በአንድ አሸጋግራበታለች።

*

በረኛው ጋሽ ባስልኤል የሠራተኛ መግቢያው በር ላይ የቱዶር ቤት ጽጌረዳ በቁልፎቹ ላይ ያለበትን ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመው ነበር። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ድሮ ደሴ ፖስታ ቤት ሠርተዋል፤ አሁን ደግሞ በር ይከፍታሉ፣ ዕቃ ያወጣሉ።

"ምስክር መጣች" አሉ። "ዛሬ ከሎርዱ ይልቅ የሚፈራው አንቺን ነው። መታወቂያ ልጠይቅሽ ወይስ ልስገድልሽ?"

"በሩን ይክፈቱልኝ፣ ጋሼ። እግሬ ዝሏል።"

"መሐላሽን የሚቀበለው ሎርድ ፔምብሪ ትናንት ማታ ገብቷል። ሦስት ሻንጣ ይዞ፤ አንዱ መጽሐፍ ብቻ ነው። ወገቤን ሊቆርጠው።" ዝቅ ብለው ፊቷን አዩ። "አልተኛሽም።"

"አልተኛሁም።"

"ዛሬ ከንግሥቲቱ ጋር እንዳትገናኚ ተብሏል። አጠገባቸው አትድረሺ፣ አታናግሪያቸው። መሐላው እስኪያልቅ።"

"አውቃለሁ።"

እዚያ ላይ ነበር ነገሩ የጠበባት። የተሸከመችው የራሷ ምስጢር አይደለም። ሴትዮዋ ሊቀብሩት የፈለጉትን ሐዘን ሳይጠየቁ ሰው ፊት መግለጥ፣ እሱም ኃጢአት ነው። አንድ ቃል ብትጠይቃቸው ኖሮ ይበቃት ነበር።

ልብስ ቤቱ ገብታ ካውያውን ሰካች። አንሶላውን ዘርግታ ተኮሰችው፤ ቋጠሮዎቹን እንዳይደፈጠጡ በጣቷ እየዘለለች። ከዚያ አጥፋ ጠርዙን ወደ ላይ አደረገችው። ጋሽ ባስልኤል የቀኑን ልብስ ሊወስዱ ሲገቡ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ኖር።"

"በእግዜር፣ በእግዜር። ተቀመጪ። እኔ ስገባ ብድግ እያልሽ ነው ጉልበትሽ ያለቀው።"

ይህን ደግሞ አንድ ቀን ንግሥቲቱ ሳይታሰብ ወደ ምድር ቤት ወርደው አይተውት ነበር። ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁ። "ታላቅ ሲመጣ እንነሣለን፣ ግርማዊት ሆይ፤ ኖር እንላለን" አለቻቸው አሰፋሽ። "እኔ ስገባ ሰው ሁሉ ይነሣል" አሉ ንግሥቲቱ፣ "እንዲህ ግን አይደለም።" ከዚያ ቃሉን አንድ ሁለት ጊዜ በከንፈራቸው ሞክረውት ወጡ።

ጋሽ ባስልኤል የአንሶላውን ጠርዝ አዩ። "ይሄ አሮጌ ነው። ለንግሥት ይሄ ይነጠፋል?"

"አይነጠፍም። ከሌላው በላይ ያድርጉልኝ። ሰማያዊው ቋጠሮ እንዲታይ።"

ቀዩንና ነጩን በዓይናቸው ተከትለው ሰማያዊው ላይ ቆሙ። የአምስት ልጆች አባት ናቸው፤ ሁለት ቀብረዋል።

"ምን ልበላቸው?"

"ምንም። ልብስ ነው። እሳቸው ካዩት በኋላ ግን እርስዎ ጠብቀው ይመለሱ። ቋጠሮውን ፈትተው ከመለሱት ዝም በይ ማለታቸው ነው። እንዳለ ከመለሱት ተናገሪ ማለታቸው ነው።"

"ይሄን ሁሉ እሳቸው በምን ያውቃሉ?"

"ሴት ናቸው፣ ጋሼ፤ አንሶላውም የራሳቸው ነው። ዛሬ ምን እንደምጠየቅም ያውቃሉ።"

ሽማግሌው ልብሱን ታቅፈው ደረጃውን እየቆጠሩ ወጡ። አሰፋሽ ተቀምጣ ጠበቀች። ማድረቂያው ሲሽከረከር ቆይቶ ቆመ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ቢፈቱት በሐሰት ልትምል ነው፤ ባይፈቱት ሔርሞንን ከነሆዷ መንገድ ላይ ልታወጣት ነው።

ጋሽ ባስልኤል ባዶ እጃቸውን ወረዱ።

"አልመለሱትም" አሉ። "በሩን ራሳቸው ከፈቱ። አዩት። ሌላውን ልብስ ትተው እሱን ብቻ ወሰዱና በሩን ዘጉ። ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ።"

"ምንም አላሉም?"

"ምንም።"

ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር። ሽማግሌው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። "እኔ ብሆን እዋሽ ነበር" አሉ። "አንቺ ግን እኔን አትሁኚ። እኔ ልጆቼ አድገዋል።"

*

የመሐላው ክፍል በቤቱ ጀርባ በኩል፣ ገደሉ ውስጥ ወደሚወርዱት ዛፎች ያያል። ቅጠላቸው ረግፎ አልቋል። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጽጌረዳ የታተመበት የቆዳ መዝገብ፣ የብር ማኅተም፣ የሰም መቅለጫ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ተደርድረዋል። ሎርድ ፔምብሪ ጥቁር ካባቸውን ደርበው መሐል ተቀምጠዋል፤ ከሎንዶን የመጡበት ድካም ከዓይናቸው ሥር ይታያል። በግራቸው ጸሐፊው አለ። ንግሥቲቱ ከመስኮቱ አጠገብ ባለ ከፍተኛ ወንበር ላይ ናቸው። ሕጉ መገኘት እንጂ መናገር አይፈቅድላቸውም። ግራጫ ሻል ጉልበታቸው ላይ ጥለዋል፤ ሁለት እጃቸው ከሥሩ ነው። አሰፋሽን አላዩም። የሚያዩት ዛፎቹን ነበር።

"ወይዘሮ አሰፋሽ" አሉ ሎርዱ፣ ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። "ረጅም ነገር አይደለም። አነብልሻለሁ፤ እውነት ነው ትያለሽ፤ ትፈርሚያለሽ። ከአራት ሰዓት በኋላ የምሳፈርበት አውሮፕላን አለ።"

"እሺ፣ ጌታዬ።"

እጇን መጽሐፉ ላይ አደረገች። መጽሐፉ ይቀዘቅዛል። ሎርዱ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። የእሷ ስም፣ የሥራ ዘመኗ፣ የንግሥቲቱ ሙሉ ማዕረግ፣ የጋብቻው ቀን። ቃሉ እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ እሷም ከድካሟ የተነሣ እግሯ ሥር ያለውን የምንጣፍ አበባ እያየች ልትሰምጥ ደረሰች። መዋሸት ቀላል ሆኖ ታያት። አንድ ቃል ነው። "እውነት ነው" ብላ ወደ ቤቷ ሄዳ ልትተኛ።

"...በእነዚህም ዓመታት ሁሉ" አሉ ሎርዱ፣ "የፅንስ ምልክት አልታየም። ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ ምንም አልነበረም።"

ምንም አልነበረም።

ሔርሞን አምና ዘጠኝ ሳምንቷ ላይ ሲወርድባት፣ ሐኪሙ "ገና ምንም አልነበረም፣ እንደገና ትሞክራላችሁ" ብሏት ነበር። ልጅቷ ቤት ገብታ ለሦስት ቀን አልተናገረችም። ቀድማ የገዛቻቸው የአውራ ጣት የሚያህሉ ካልሲዎች ዛሬም መሳቢያ ውስጥ ናቸው። አሰፋሽ አቧራ ስትወለውል ታነሣቸዋለች፤ መልሳም ታስቀምጣቸዋለች።

"እውነት ነው ትያለሽ?" አሉ ሎርዱ።

"የመጨረሻው አይደለም።"

ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። ሎርድ ፔምብሪ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ምን አልሽ?"

"ነበረ። አንድ ጊዜ ነበረ። ከአራት ዓመት በፊት፣ ጥቅምት ላይ።"

ወደ ንግሥቲቱ ለማየት አልደፈረችም። ሎርዱ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጡ፤ በጣታቸው መስመሮቹን ተከተሉ።

"ነሐሴ፣ ዘግይቷል። መስከረም፣ ዘግይቷል። ጥቅምት፣ እንደ ወትሮው። ቃሉን የሰጠሽው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ። እንደ ወትሮው አልነበረም። አንሶላውን ደብቄ አጠብኩት።"

"ይህን ማድረግ መሐላሽን ማፍረስ እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ንግሥቲቱ አዘዙሽ?"

"አላዘዙኝም። ማየቴንም የሚያውቁ አይመስለኝም።"

"ታዲያ ለምን?"

"በእኛ አገር የሰው ገመና ደጅ አይሰጣም፣ ጌታዬ። እጄ ነው የቀደመኝ።"

ሎርዱ ግንባራቸውን አሹ። እሳቸውም ሽማግሌ ናቸው፤ ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ሲንከራተቱ የከረሙ። "ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ራስሽ አጠብኩት ባልሽው አንሶላ ምን ልመስክር? ማስረጃ የለሽም። ዛሬ ተነሥተሽ ነበረ ብትዪ ማን ያምንሻል?"

"ለየወሩ በክር ቋጠሮ ነበረኝ፤ ደም ሲታይ ቀይ፣ ሲቀር ነጭ፣ ያን ጥቅምት ሰማያዊ" አለች አሰፋሽ፤ "አሁን ግን እጄ ላይ የለም።"

ያን ጊዜ ሻሉ ተንቀሳቀሰ። ንግሥት ዊኒፍሬድ ከሥሩ የታጠፈውን አንሶላ አወጡ። ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን ዘርግተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጠርዙ ወደ ላይ ነበር። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ሁለት ነጭ፣ ከዚያ ሰማያዊው። ማንም አልፈታውም።

"ግርማዊት ሆይ" አሉ ሎርዱ ቀስ ብለው፣ "ሕጉ እንዲናገሩ አይፈቅድም።"

"አሥራ አንድ ሳምንት" አሉ ንግሥቲቱ። ድምፃቸው ብዙ ቀን ያልተናገረ ሰው ድምፅ ነበር። "ይህን ጻፉና ከዚያ ዝም እላለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ያወቅሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።"

ሎርዱ አንሶላውን ወደ መዝገቡ አስጠጉ። ቋጠሮዎቹን ከገጾቹ ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩ፤ ለየወሩ አንድ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። አሰፋሽ ቆማ ጠበቀች፤ ተቀመጪ ያላት የለም። በመጨረሻ ሎርዱ የተዘጋጀውን ወረቀት አንሥተው ለሁለት ቀደዱት።

"ጻፍ" አሉት ጸሐፊውን። "ምስክሯ ነበረ ብላለች። ከዚያ ጥቅምት በቀር ማስረጃው ከመዝገቡ ጋር ይገጥማል። ጋብቻው ይጸናል፤ ንጉሡ የሚሹትን ከፓርላማ ይጠይቁ።" ከዚያ ወደ አሰፋሽ ዞሩ። ዓይናቸውን ግን ጠረጴዛው ላይ ተከሉት። "አንቺም ሹመትሽን አፍርሰሻል። ይህን ማለፍ አልችልም። ቁልፉን አስቀምጪ። ቤቱን በሠላሳ ቀን ትለቂያለሽ።"

የልብስ ቤቱ ቁልፍ አንገቷ ላይ በማተቧ አጠገብ ነበር የሚንጠለጠለው። ክሩን በራሷ ላይ አውጥታ መዝገቡ ላይ አስቀመጠችው። ሰባት ዓመት የተሸከመችው ቁልፍ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን አስተውላ አታውቅም ነበር። ሠላሳ ቀን። ሔርሞን ያን ጊዜ ስምንት ወር ይሆናታል። ፓርክዴል ሰፈር ያለች ጓደኛዋ ዘንድ አንድ ክፍል አለ ተብሎ ነበር፤ ይኑር አይኑር ገና ትጠይቃለች። ዛሬ ማታ ግን ልጇን ፊት ለፊት ልታያት ትችላለች።

እጅ ነሥታ ወደ በሩ ዞረች።

ከኋላዋ ወንበር ሲንሸራተት ሰማች። ዘወር ስትል ንግሥቲቱ ተነሥተው ቆመዋል። ሻሉ እግራቸው ሥር ወድቋል።

"ኖር" አሉ ንግሥት ዊኒፍሬድ። ቃሉን አጥብቀው ነው ያሉት፤ ግን አልሳቱትም።

ንግሥት ቆማ ማንም አይቀመጥም፤ ይህም ከቤቱ ጥንታዊ ሕጎች አንዱ ነው። ጸሐፊው ተደናግጦ ብድግ አለ። ሎርድ ፔምብሪም ካባቸውን ሰብስበው፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተነሡ። ሦስቱም ቆመው ልብስ አጣቢዋን አዩ።

አሰፋሽ ባዶ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጠፈች።

"በእግዜር" አለች። "ይቀመጡ፣ እባክዎ። ደክሞዎታል።"